ገመዱን የያዘ ሰው አልተገኘም

ልጅ ሳለሁ ከልቤ መሳቅ የተማርኩት ከአንድ የተሰቀለ ወጣት ታሪክ ነው። አሁን ስጽፈው ይከብደኛል፤ ያኔ ግን አይከብደኝም ነበር። ዳላስ ከተማ፣ ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ እንኖርበት ከነበረው ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ጀርባ፣ ውሃው ደርቆ በሰንሰለት ከታጠረው መዋኛ ገንዳ አጠገብ፣ መሬት ላይ የተተከለ የብረት ሥጋ መጥበሻ ነበር። እሑድ እሑድ አባቶቻችን ሥጋቸውን ጠብሰው፣ ወሬያቸውን አውርተው ወደየቤታቸው ሲገቡ ፍሙ ለእኛ ይቀርልናል። ከሰሉ ላይ የተረጨው ጋዝ ሽታ ገና አልጠፋም፤ ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ቀጭን ጢስ ይነሳል፤ ከምሰሶው መብራት ሥር የእሳት ራቶች ይርመሰመሳሉ። ጋሽ መኩሪያ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው፣ በሌላው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዘው ከሁለተኛው ፎቅ ቀስ ብለው እስኪወርዱ፣ ሰባት ስምንት ልጆች አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን እንጠብቃቸው ነበር።

ጋሽ መኩሪያ አገር ቤት ሳሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነበሩ። ሰው ሲከስና ሲከሰስ ሃያ ዓመት ሲጽፉ ኖረው፣ እዚህ መጥተው ሌዊስቪል አንድ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሱ ወገባቸው ተጎዳና ቤት ዋሉ። መጽሐፉን ያገኙት ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጻሕፍት በሚያስወግድበት ቀን ነው። የካውቦይ ልብ ወለድ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ሳምንቱን ሙሉ በመዝገበ ቃላት እየታገሉ ያነቡትና እሑድ ሲመሽ በአማርኛ ይተርኩልናል። እንግሊዝኛውን እኛ ከእሳቸው የተሻለ እናውቅ ነበር፤ ግን መጽሐፉን ስጡንና ራሳችን እናንብበው ያለ ልጅ ትዝ አይለኝም። በእሳቸው አፍ ሸሪፉ ጭቃ ሹም ይሆናል፣ ውስኪው አረቄ ይሆናል፣ የቴክሳስ ደረቅ ሜዳ ደግሞ ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ቅዳሜ ገበያ የሚደረስበት አገር ይመስላል።

የመጽሐፉ ባለታሪክ ሃና የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነች። አንድ ጠዋት አምስት ሰዎች የጭቃ ሹሙን ዳማ ፈረስ ሰርቀሃል ብለው ወንድሟን ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። ሃና ወንድሟን ቀብራ፣ በቅሎዋን ጭና፣ አምስቱንም ዳኛ ፊት ሳላቆም አልመለስም ብላ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳቅ ነበር። ጠበቃዋና የከተማው ቀባሪ ያላቸው አንድ ጥቁር ኮት ነው፤ ለሁለት ነው የሚለብሱት። ሰው በሞተ ቁጥር ኮቱ ወደ ቀብር ስለሚሄድ ችሎቱ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ በዚያች ከተማ ደግሞ ሰው የማይሞትበት ቀን የለም። ዳኛው ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ ከሳሽን ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት በግራቸው ነው። ሃና ከአምስቱ አንዱን ተከታትላ ስትይዘው እኔ መሰላሉን ብቻ ነው የያዝኩት ይላል። ሁለተኛው ባርኔጣውን ነው የያዝኩለት፣ እንዳይቆሽሽበት ብዬ፣ ይላል። ሦስተኛው ፈረሶቹን ይዞ ነበር፤ አራተኛው የጸሎት መጽሐፉን፤ አምስተኛው ሽንቱን ይዞት ወደ ቁጥቋጦው ሄዶ ነበር። እዚህ ላይ ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደ ችሎት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ገመዱን የያዘ ሰው አልተገኘም» ይላሉ።

«ሶ ማን ሰቀለው?» ብሎ አንዱ ልጅ ጠየቀ።

«ራሱ ይሆናላ» አሉት።

ሆዳችንን ይዘን ወደቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ሃናን ግን እወዳት ነበር። እቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ እሷን ለመምሰል አገጬን አነሳ ነበር።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት ያመላልሳል፤ ስለዚህ ስለ መኪና የሚወራው ሁሉ የእሱ ነው። እናቴ አዲሰን፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ አልጋቸውን ትቀይራለች። እሷ እንድትነዳ አባዬ የፈቀደው ከሦስት ዓመት ልመና በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ቀን ብትጋጭ ቁልፉን እንድትመልስ አስምሎ። ቁልፉን መመለስ ማለት ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ ገና ሳይነጋ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ እማዬ መኪናዋን የምትነዳው እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት አባዬ ከደረጃው ሥር ቆሞ ተጣራ። ነጯ መኪናችን ከፊት በቀኝ በኩል ጥጓ ተጨራምቷል፤ መብራቷ ተሰብሯል፤ ነጩ ቀለም ላይ ደማቅ ቀይ ተልቅልቆበታል። እማዬ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታደርግ ወርዳ አየችውና፣ እዚሁ ፓርክ አድርጌው ነው፣ ማን እንደመታው አላየሁም አለች። አባዬ አላመናትም ወይም ማመን አልፈለገም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራ በሚወጣበት ሰዓት መሀል ግቢ ላይ አቁሟት ወቀሳውን አወረደባት። ለምን ጥግ ላይ እንዳቆመችው፣ ለምን ከመስኮት እንዳልጠበቀችው ጠየቃት። መጨረሻ ላይ «አንቺ እኮ ቆመሽም ትጋጫለሽ» አላት፤ የሚያልፉት ሰዎች ሳቁ። ቁልፉን ግን አልወሰደባትም፤ ቆሞ የተመታ መኪና ነውና። እማዬ ወደ ቤት ገብታ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈተች። ውሃው እስኪዘጋ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። ያኔ ነው ሥራዬን ያወቅኩት።

በትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ ግቢው ውስጥ ያሉትን ቀይ መኪናዎች መዘገብኩ፤ አራት ነበሩ። ሦስቱ ምንም አልሆኑም። አራተኛው የቢኒያም አሮጌ ፒካፕ ነበር፤ ከኋላ በኩል ጥጉ ገብቷል። በስንዝሬ ለካሁት፤ ከመሬት እስከ ጉድጓዱ ያለው ከእኛ መኪና ጋር እኩል ሆነ፤ እኩል ያልሆነውን አንድ ጣት አልቆጠርኩትም።

ቢኒያም ከእኛ ሥር ባለው ቤት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይኖር ነበር። አገር ቤትን ለቆ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሌዊስቪል ሌሊት ይሠራል፤ ቀን ይተኛል፤ ከእንቅልፉ ሲነሳ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ማንም ሳይጠራው የእናቶችን ዕቃ ተሸክሞ ያወጣል። ደብተሬን ይዤ ሄጄ የፒካፑ ጥጉ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። የሥራ ጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ስገዛውም እንዲህ ነበር፣ ዳኛዋ» አለኝ። በሃና መጽሐፍ ውስጥ ጥፋተኛ ሁሉ ሲጠየቅ ይስቃል። «ተከሳሽ ስቋል» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ መኩሪያን ክስ እንዴት ይጻፋል ብዬ ጠየቅኳቸው። ጨዋታ መስሏቸው ደስ አላቸው። የከሳሽ ስም፣ የተከሳሽ ስምና ሙሉ አድራሻ፣ የተፈጸመው ድርጊት፣ ማስረጃ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፤ አንድ በአንድ በተራ እያስቀመጡ፣ ጣቴን ይዘው መስመር እያሰመሩ አስተማሩኝ። ምስክር ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ጠበቅ አለ። «ያላዩትን አየሁ ብሎ መጻፍ የለም። እሱ ከገባበት ወረቀቱ ክስ አይደለም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እሑድ እሳቸው ከመውረዳቸው በፊት ልጆቹን ፍሙ ዙሪያ ሰብስቤ ማስረጃዬን አነበብኩ። ሁሉም ጥፋተኛ ነው ብለው እጃቸውን አወጡ፤ አንዱ ሁለቱንም እጁን። በማግስቱ ለማንም ሳልነግር ክሱን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ አሰላለፉ ግን ጋሽ መኩሪያ ያስተማሩኝ ነው። ማስረጃ የሚለው ሥር ቀይ ፒካፑ ነጯን መኪና ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ሙሉ አድራሻ የሚለው ሥር ቢኒያም በየትኛው ቤት ከእነማን ጋር እንደሚያድር፣ የሚተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ መሆኑን ሳይቀር በዝርዝር አስቀመጥኩ። የከሳሽ ስም የሚለውን ክፍት ተውኩት። ወረቀቱን አጥፌ የአፓርትመንቱ ቢሮ በር ላይ ባለው ቀዳዳ አስገባሁት።

ማኔጀሯ ስለ መኪናው ግጭት ብዙም ግድ አልነበራትም። እሷን የያዛት አድራሻው ነው። የቢኒያም ስም ሊዙ ላይ፣ ማለት የኪራይ ውሉ ላይ፣ የለም። ጓደኞቹን ጠርታ በሦስት ቀን ውስጥ ካልወጣ እናንተም ትወጣላችሁ አለቻቸው። ፒካፑም የግቢው ፈቃድ ስለሌለው ቶው ተደርጎ፣ ተጎትቶ እንዲወሰድ አዘዘች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አስፋልቱ ከሙቀት የተነሳ ጫማ ሥር በሚለጠፍበት ሰዓት፣ ጎታቹ መኪና መጣ። ቢኒያም በካልሲው ወጣ። ፒካፑ ከኋላ ብርድ ልብሱና ሁለት ካርቶን ልብሱ ተጭኖበት ነበር፤ እነሱን ለማውረድ ሲለምን ሰውየው ሥራ አለብኝ አለው። ቢኒያም የጭነቱን በር በአንድ እጁ እንደያዘ ከመኪናው ጋር የተወሰነ መንገድ ሄደ፤ ከዚያ ሮጠ፤ ከዚያ ለቀቀው። ዞር ብሎ በረንዳ ላይ የቆምነውን ሰዎች «ምን አደረግኩ?» አለን።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መካድ አልችልም። አንገቴን አቅንቼ፣ አገጬን አንስቼ እማዬን ፈለግኳት። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ስታየኝ ወደ ውስጥ ገባች። ፍትሕ ሲያዩ ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ቢኒያም ዓርብ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ። ያለ መኪና ሌዊስቪል መድረስ ስለማይችል ሥራው በዚያው ሳምንት አለቀ። ወዴት እንደሄደ ለጊዜው የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ሰው ማን ጻፈው ማለት ጀመረ። ማኔጀሯ ወረቀቱን ለቢኒያም ጓደኞች አሳይታቸው ነበር፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ማስረጃ፣ የሚጠየቅ ዳኝነት፤ በመስመር በመስመር። በዚያ ግቢ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። አንድ ሰው ጮክ ብሎ እስኪናገረው ድረስ ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀም። ጋሽ መኩሪያ ጆሮ ጠቢ ተባሉ። አገር ቤትም ሃያ ዓመት ሥራቸው ይኸው ነበር ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ከአጠገባቸው የቆመ ሰው ቦታ ይቀይር ጀመር። በራቸው ላይ አንድ ሰው የዓሣ ሆድ ዕቃ ቀብቶበት፣ ጎንበስ ማለት የማይችሉት ሰውዬ ተንበርክከው ሲያጥቡት በደረጃው አልፌ ወጣሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ከለከሉ። የሚቀጥለው እሑድ ጋሽ መኩሪያ መጽሐፋቸውን ይዘው ወረዱ፤ አግዳሚው ባዶ ነበር። እኔ ከመስኮት አየኋቸው። ፍሙ አመድ እስኪሆን ተቀመጡና ተነስተው ገቡ።

ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ እሳቸው ያውቁ ነበር። ማወቃቸውን እኔም አውቅ ነበር። ቢሆንም ልክ ነኝ ብዬ አምን ስለነበር፣ የጻፍኩት እኔ ሆኜ እሳቸው ክብሬን የወሰዱብኝ ያህል ይከፋኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና አንድ ቀን የሚጠብቀኝ ሰው ጠፍቶ እማዬ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ሄደች። መጦሪያው ጀርባ፣ ሠራተኞች መኪና የሚያቆሙበት፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ፣ ወፍራም የኮንክሪት ምሰሶ አለ፤ ሰው እንዳይጋጨው ደማቅ ቀይ ተቀብቷል። እማዬ ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ ራቅ አድርጋ አቆመች። እኔ ወርጄ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። ቀይ ቀለሙ ተልጦ በቦታው ነጭ ተለጥፎበታል፤ ሥሩ የመብራት ስባሪ አለ። መለካት አላስፈለገኝም፤ ቢሆንም እጄን ዘርግቼ በስንዝሬ ለካሁት። በዚህኛው ጊዜ አንድም ጣት አልተረፈም። ዞር ስል እማዬ ቆማ እያየችኝ ነው።

«አባትሽ እንዳይሰማ» አለችኝ።

ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ አስተካክላ ወደ ሥራዋ ገባች። ቢኒያም ሲባረር ዝም ማለቷ፣ ሽማግሌው ጆሮ ጠቢ ሲባሉ ዝም ማለቷ፣ ሁሉም አንድ ላይ የገባኝ እዚያ ከምሰሶው ሥር ነው። እኔም መጻፌን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ ምን ብዬ ልንገራት? ደግሞ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ታውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያ ሳምንት እሑድ ተደብቄ ወረድኩ። ጋሽ መኩሪያ ብቻቸውን ነበሩ፤ አንድ ሰው ጥሎት የሄደው ፍም ላይ እጃቸውን ያሞቃሉ፤ በሐምሌ ሙቀት። ምሰሶውን ነገርኳቸው፤ እናቴን ነገርኳቸው፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ መጻፌን ነገርኳቸው። መጽሐፉን ገለጡና መጨረሻውን ነገሩኝ። ዳማው ፈረስ አልተሰረቀም። ሜዳ ላይ ባዝኖ ከርሞ አንድ ቀን በራሱ እግር ወደ ጭቃ ሹሙ በረት ተመለሰ። ከተማው በሙሉ እየሳቀ ወጥቶ አየው። ሃናን ዳኛው ጠርተው የይቅርታ ወረቀት ሰጧት፤ የወንድሟ ስም ግን በስህተት የፈረሱ ስም ሆኖ ተጽፎ ነበር። ቀና ስል ጋሽ መኩሪያ ይስቃሉ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል።

ለሰው ሁሉ እውነቱን ልናገር ወይ አልኳቸው።

«ብትናገሪ እናትሽ ምን ትሆናለች?»

«ቁልፉን ይወስድባታል። ደግሞ...» አልኩና አልጨረስኩትም። እሳቸውም እንድጨርሰው አልጠየቁኝም።

«እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከእኔ የሚወስዱት ነገር የለም» አሉኝ።

ይህን ያሉት ለማጽናናት ይሁን እውነት መስሏቸው አላውቅም፤ ግን እውነት አልነበረም። የሚወሰድ ነገር ነበራቸው፤ ወሰዱባቸው። ሰላምታ የሚሰጣቸው አጥተው ዓመት ከተቀመጡ በኋላ ፎርት ዎርዝ ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ኮሌጅ ሳለሁ ሞቱ ሲባል በአውቶቡስ ሄድኩ። ቀብሩ ላይ ልጃቸው፣ ቄሱ፣ እኔና ሦስት የልጃቸው የሥራ ጓደኞች ነበርን። ልጃቸው አባቴን በምን ታውቂዋለሽ አለችኝ። ተረት ይነግሩን ነበር አልኳት።

ባለፈው ጥር ሌዊስቪል ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ተጠርተን፣ እኔና እናቴ በተቀመጥንበት ጠረጴዛ ጸጉሩ ጎንና ጎኑ የሸበተ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ያስከተለ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ሳቁን ነው መጀመሪያ ያወቅኩት። ቢኒያም እኛን አላወቀንም። ሰዎቹ አጫውተን ሲሉት የመጣ ሰሞን ያየውን ነገራቸው። ከቤት ተባርሮ አሥራ አንድ ሌሊት ልብስ ማጠቢያ ቤት ወንበር ላይ እንዳደረ፣ እንዳያስወጡት አንዲት ካልሲ ደጋግሞ ያጥብ እንደነበር፣ በዳላስ የእሱን ያህል ንጹሕ ካልሲ ያለው ሰው እንዳልነበረ አወራ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ያስወጣኝ አንድ ጆሮ ጠቢ ሽማግሌ ነው፣ ሞተ ሲሉኝ ለጓደኞቼ ቢራ ጋበዝኩ አለ። እንደገና ሳቁ። እናቴ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ሥጋዋን ትቆርጣለች።

ሊወጣ ሲነሳ ተከትዬው ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ስሜን ነገርኩትና ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ መኩሪያ የሉበትም አልኩት። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋባቸው።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ሁለት።»

መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የሚለምን በሚመስል ድምፅ «እኔ እኮ መኪናችሁን አልመታሁም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ማን ነው?»

በመስታወቱ በር ውስጥ እናቴ ትታየኛለች፤ የሁለታችንን ካፖርት ታቅፋ፣ የመኪና ቁልፏን ይዛ ትፈልገኛለች። አሁንም ራሷ ትነዳለች።

«አልታወቀም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ስትወጣ አሁን ማን መሆኗን አውቆ ወደ እሷ ሄደና ትከሻዋን ስሞ ሰላም አላት፤ እሷም እጁን ይዛ ልጆችህን ያሳድግልህ አለችው። ያኔ ፍሙ ዳር ስለ ፍርድ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ምን ቀረልሽ ብለው የሚጠይቁኝ ቢኖሩ የምነግራቸው ጥሩ ነገር የለኝም። «አልታወቀም» የሚለውን ያቺን አንዲት ቃል ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።